ከፀጉር የቀጠነ

ልጁ ከጓሮ ጥንዚዛ ይዞ መጣ። አባቱ ሌቨን ቢስ እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው፤ የዕለት ሥራው ሰው፣ በተለይም ስፖርተኛ ማንሳት ነበር። ይህችን ደግሞ እንሞክራት ብሎ ካሜራ ፊት አቆማት።

ዓይኗ ሲጠራ ቀንዷ ይደበዝዛል፤ ቀንዷ ሲጠራ ዓይኗ ይጠፋል። ጥቃቅን ፍጥረታትን ያነሳ ሁሉ ይህን ፈተና ያውቀዋል። ሌንሱ በቀረበ ቁጥር ፎከስ ውስጥ የሚገባው ውፍረት እየሳሳ ይሄዳል። የተለመደው መላ የሌንሱን ቀዳዳ ማጥበብ ነው። ሲጠብ ግን ብርሃኑ ያንሳል፤ ከልክ ካለፈም ብርሃኑ በቀዳዳው ጠርዝ እየተበተነ ምስሉን መልሶ ያደበዝዘዋል። ቢስ የገጠመው በ10 እጥፍ የሚያጎላ የማይክሮስኮፕ ሌንስ ደግሞ ከነጭራሹ የሚጠብ ቀዳዳ የለውም።

ስለዚህ ጥንዚዛዋን በአንድ ምት መያዙን ተወው። ካሜራውን በሞተር በሚሄድ ሐዲድ ላይ አስሮ በየምቱ 10 ማይክሮን ብቻ ወደፊት እንዲገፋ አደረገ። የሰው ፀጉር 75 ማይክሮን ያህል ይወፍራል፤ የአንዲት ፀጉር ውፍረት ለመሻገር ሰባት ስምንት ፎቶ ማለት ነው። ከየፎቶው የጠራችው ስስ ሽፋን ብቻ ተወስዳ በኮምፒውተር ከሌሎቹ ጋር ትደረባለች። ይህ መደራረብ የእሱ ፈጠራ አይደለም፤ ብዙዎች ይሠሩበታል።

እኔን የሚማርከኝ የብርሃኑን ነገር የፈታበት መንገድ ነው። የጥንዚዛ ጀርባ እንደ መስታወት ያንጸባርቃል፤ ጥቁር እግሯ ብርሃን ይውጣል። ለእግሩ የተመጠነ ፍላሽ ጀርባዋን ነጭ አድርጎ ያቃጥለዋል። ለሁለቱም የሚስማማ አንድ ልክ የለም። ቢስ እንደ ስቱዲዮ ባለሙያ አሰበና ገላዋን ወደ 30 ክፍል ከፋፈለው። ለአንድ ቀንድ ብቻ መብራት አስተካክሎ ያነሳል፤ ሲጨርስ ሁሉንም አፍርሶ ለዓይኗ እንደ አዲስ ይተክላል። አንድ ምስል እንዲህ 8,000 ያህል ፎቶና ሦስት ሳምንት ግድም ይወስዳል።

ሕያው ነፍሳት ይህን ያህል አይቆሙም። ሥራውን ያየው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም በመርፌ የተሰኩ ናሙናዎቹን ከፈተለት። በ2016 እ.ኤ.አ. ምስሎቹ እዚያው ሙዚየም ውስጥ ተሰቀሉ፤ ትልልቆቹ ሦስት ሜትር ይደርሳሉ። በዓይን ልሙጥ የሚመስለው ጀርባ ጎድጓዳ፣ ሸንተረርና ቅንጣት ፀጉር ሞልቶበት ታየ። የነፍሳት ተመራማሪዎች ይህን የገላ ቅርጽ ማይክሮስካልፕቸር ይሉታል፤ ቢስም ለኤግዚቢሽኑ ይህንኑ ስም ሰጠው።