የበቆሎ ድፎ ዳቦ ለበዓል ማዕድ

በጅቡቲ ከተማ፣ በካርቲየ 7 ቢስ፣ የገናን በዓል ከቤተ ሰቧ ጋር ለምታከብር እመቤት ድፎ መድፋት የሚያስቸግር ይመስላል፤ ኮባ እንደ ልብ አይገኝምና። ሆኖም ከባድ ብረት ድስትና የጋዝ ምድጃ ይበቃሉ።

አባቶቻችን በቆሎን የባሕር ማሽላ ይሉት ነበር፤ ይኸውም ከባሕር ማዶ የመጣ እህል ስለሆነ ነው። ዱቄቱ ስንዴን የሚያስለጥጠው ሙጫ መሰል ነገር ስለሌለው፣ ብቻውን ቢቦካ አይነፋም፤ ይፈረፈራል። ስለዚህ አንድ እጅ የበቆሎ ዱቄት ከሁለት እጅ የስንዴ ዱቄት፣ ከእርሾ፣ ከጨውና ከጥቁር አዝሙድ ጋር ለብ ባለ ውሃ ይታሻል። በቈላው ሙቀት ሊጡ ፈጥኖ ይኮመጥጣልና፣ እንደ ደጋው ልማድ ሌሊቱን ማሳደር አይገባም፤ እጥፍ ሲሆን የሙዝ ቅጠል በተነጠፈበት ድስት ተከድኖ በመለስተኛ እሳት ይጋገራል። ሥሩ ሲጠነክር ይገለበጣል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የዱቄቱ አቀማመጥ ነው። የባሕር ዳር ወበቅ በቆሎን ያሻግታል፤ በሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ሊፈጠር ይችላል፤ ይህም መርዝ በመጋገር አይጠፋም። የሻገተውን ዱቄት ነፍቶ ወይም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለልጆች ማቅረብ ከቶ አይገባም። ርካሽ ነው ብሎ በጆንያ ከመግዛት፣ ለበዓሉ የሚበቃውን ብቻ ገዝቶ በደረቅና ክዳን ባለው ዕቃ ማኖር ይሻላል።