ለማን ነው ሽቶው?

በቡሬ ከተማ ከአንድ ሱቅ ገብቼ ሽቶ ብጠይቅ፥ ባለ ሱቁ «ጋሼ፥ ለራስዎ ነው ወይስ ለባለቤትዎ?» አለኝና፥ መልሴን ሳይጠብቅ ጥቁሩን ጠርሙስ በአንድ ወገን፥ ሮዙን በሌላው ወገን ደረደረልኝ፤ እኔም ይህ ክፍፍል ከወዴት እንደ መጣ እያሰላሰልሁ አንዱንም ሳልገዛ ወጣሁ።

እኛ ያደግንበት መዓዛ ተባዕትና አንስት አልነበረውምና። በሰንበት ቅዳሴ ወንዶች በአንድ ወገን፥ ሴቶች በሌላው ወገን ተለይተን በቆምንበት፥ ካህኑ ማዕጠንቱን ይዞ ሲያጥን፥ ጋቢ ከነጠላ ሳይመርጥ በሁሉ ላይ የሚያርፈው የዕጣኑ ጢስ ብቻ ነው፤ ባልና ሚስትም አንድ ሽታ ለብሰው ከቤታቸው ይገባሉ። በፍኖተ ሰላም ገበያ የሚሸጠውም አደስ ከለጋ ቅቤ ጋራ ተለውሶ የእናቶቻችን የራስ ቅባት ሆኖ ሲኖር፥ የጥንት ጦረኞችም ጠጉራቸውን ቅቤ ይቀቡ እንደ ነበር መርሳት አይገባም። በወይራ የታጠነውን የወተት ዕቃና በጥንጁት የታጠነውን የጠላ ጋንማ ማን የሴት ነው፥ ማን የወንድ ነው ይለዋል?

የሚያስገርመው ደግሞ የዝባድ ነገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ከእናርያ ተነሥቶ፥ በጉድሩ አልፎ፥ ዓባይን የሚሻገረው ነጋዴ ከወርቁና ከዝሆን ጥርሱ ጋራ በጎጃም ባሶ ገበያ ያወርደው የነበረው ዝባድ፥ በአብዛኛው ከወንድ ጥርኝ ተፍቆ የተገኘ ሲሆን፥ ባሕር ከተሻገረ በኋላ የአውሮፓ ወይዛዝርት ሽቶ ማጽኛ ሆነ። ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1926 የሽታውን ንጥረ ነገር ባሕርይ ገልጦ ካሳየ ወዲህ ግን በሰው እጅ ሊሠራ ስለ ተቻለ፥ እንስሳውን በጠባብ ቀፎ አስሮ በየጥቂት ቀኑ መፋቅን እኔ አልደግፍም።

ስለዚህ ሽቶን በራሴ እጅ ልሠራ ብዬ ከዕፀዋቱ ጀመርሁ። ዕጣን ወቅጬ በዳግም አረቄ ዘፍዝፌ፥ ሁለት ሱባዔ በጨለማ ስፍራ አኖርሁት፤ የዕጣኑ አንዱ ክፍል በውሃ እንጂ በአልኮል አይሟሟምና እንደ አተላ ከሥሩ ዘቀጠ። የቀረውን በሻሽ አጥልዬ ክንዴን ብቀባው፥ መጀመሪያ የሸተተው አረቄው ነበር፤ ጎረቤቴም ከመጠጥ ቤት የወጣሁ መስሎት በትዝብት ተመለከተኝ። ጥቂት ቆይቶ የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ መዓዛ መጣ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን እርሱም ሄደና፥ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚቀረው ያ ከባድ ሽታ ብቻ ቀረ፤ ቀላሉ ቶሎ ይተናል፥ ከባዱ ከቆዳ ጋራ ይሰነብታልና። ያው ቅምር በባለቤቴ ክንድ ላይ ከእኔው ይልቅ ጣፍጦ ሸተተ፤ ጾታዋ ነው እንዳልል የወንድሜም ክንድ እንደ እርስዋው ሆነ፤ ልዩነቱ የየሰው ገላ ነው።

የተፈጥሮ መዓዛ ሁሉ ግን የዋህ አይደለም፤ ጤና አዳምን አሽቶ ክንዱን ቀብቶ ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው ቆዳው እንደ ተቃጠለ ሊያብጥና ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ማናቸውንም አዲስ ቅባት አስቀድማችሁ በክንዳችሁ ውስጠኛ ገጽ በጥቂቱ ሞክሩት፥ አንድ ቀንም ጠብቁ።

አሁን በሣጥኔ ውስጥ ሁለተኛ ጠርሙስ አለ፤ ከርቤ ነው፤ ሱባዔው ገና አልሞላም።