ሆድ ድርቀትና መድኃኒቱ፦ አፍረን የምንደብቀው ጉዳይ

ዛሬ የማነሳላችሁ ርዕሰ ጉዳይ መጀመሪያ ላይ ሳያስቃችሁ አይቀርም። ስለ ሆድ ድርቀትና ስለ መድኃኒቱ ነው። «ደግሞ ይሄ ከኛ ጋር ምን አገናኘው? የትልልቅ ሰዎች ችግር አይደል እንዴ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ለወራት የሚቆይ የሆድ ድርቀት በብዛት የሚያስቸግረው አዋቂዎችን፣ በተለይም በዕድሜ የገፉትን ነው። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ በመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን እንግሊዝኛ የሚያነበው ማን ነው? ለእናት፣ ለአባት፣ ለአያት ፋርማሲ የሚላከውስ? እናንተ አይደላችሁም?

እኔ የሶሺዮሎጂ ምሩቅ ስሆን የምሠራው በሶሻል ወርከርነት ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒትም አላዝም። ነገር ግን ቤት ለቤት ስዞርና ጤና ጣቢያ ከሰዎች ጋር ስነጋገር አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ሰው ስለ ራስ ምታቱና ስለ ወገቡ ሕመም ለጎረቤት ሁሉ ያወራል፤ ስለ ሆድ ድርቀቱ ግን ለሐኪሙም አይናገርም። ያፍራል። አፍሮ ቢተወው እንኳ ደግ ነበር። ግን ከጎረቤት፣ ከዘመድ ወይም በራሱ ውሳኔ ከፋርማሲ ያገኘውን መድኃኒት ማንም ሳያውቅበት ይወስዳል። አደጋው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሆድ ድርቀት የሚባለው የቱ ነው?

አንድ ሰው በየቀኑ ሽንት ቤት ካልተቀመጠ ታሟል ማለት አይደለም። የጤነኛ ሰው ልማድ በቀን ከ3 ጊዜ እስከ በሳምንት 3 ጊዜ ሊለያይ ይችላል። ድርቀት የምንለው በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች ሲሆን፣ ዓይነ ምድሩ እንደ ጠጠር ሲደርቅ፣ ብዙ ማማጥ ሲጠይቅ ወይም ወጥቶም ያልጨረሱ ሲመስል ነው። ይህ ሁኔታ 3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ ነው ይባላል።

መንስኤው ብዙ ነው። ውኃ ትንሽ መጠጣት፣ እንደ ጎመን፣ ባቄላና ፍራፍሬ ያሉ አሰር ያላቸውን ምግቦች አለማዘውተር፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ፣ ሽንት ቤት ሲያስፈልግ መያዝ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን መድኃኒትም ሆድ እንደሚያደርቅ ነው። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት እንክብል፣ እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ድርቀት ያመጣሉ። የስኳር በሽታና የእንቅርት ዕጢ መድከምም እንዲሁ። ታዲያ ሐኪም ጋ መሄድ ለምን እንደሚያስፈልግ ገባችሁ? መንስኤው የሚወሰደው እንክብል ከሆነ መፍትሔው ሌላ ኪኒን መጨመር ላይሆን ይችላላ!

መድኃኒቱ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሐኪሞች ለዚህ ችግር ከሚያዟቸው መድኃኒቶች አንዱን፣ ላክቱሎስን እንውሰድ። የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ የገባ ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ላክቱሎስ በፋብሪካ የሚሠራ የስኳር ዓይነት ነው፤ ትንሹ አንጀታችን ግን ሊፈጨው አይችልም። ስለዚህ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ይሰብሩትና ወደ አሲድነት ይለውጡታል። አሁን በባዮሎጂ የተማራችሁትን ኦስሞሲስ አስታውሱ። ውኃ የሟሟ ነገር ወደበዛበት ስለሚሄድ ወደ ትልቁ አንጀት ይሳባል፤ የደረቀው ይለሰልሳል። ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ሲሠሩ ጋዝ ስለሚፈጥሩ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ ይነፋል፣ ይጮሃል። ይህ የሚጠበቅ ነው።

ልብ በሉ! ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ላክቱሎስ የሚሠራው ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ነው። ማታ ወስዶ ጠዋት ለውጥ ያላየ ሰው «አልሠራም» ብሎ ደግሞ ይጠጣል፤ ከሰዓት ደግሞ ይደግማል። በሦስተኛው ቀን ሁሉም ተደማምሮ ኃይለኛ ተቅማጥ ይሆናል። በተቅማጥ የሚወጣው ውኃ ብቻ አይደለም፤ ለልብና ለጡንቻ ሥራ የሚያስፈልገው ፖታሲየምም አብሮ ይወጣል። ለአንድ አረጋዊ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከአልጋ ሲነሱ አዙሯቸው ሊወድቁ ይችላሉ።

በጥንቃቄ ለመውሰድ

አንደኛ፣ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ለአዋቂ ብዙውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይታዘዛል። የቤታችን ማንኪያዎች ግን መጠናቸው አንድ አይደለም፤ ስለዚህ ከጠርሙሱ ጋር በሚመጣው መለኪያ ይለካ።

ሁለተኛ፣ በቂ ውኃ ይጠጣ። መድኃኒቱ የሚሠራው ውኃ ስቦ መሆኑን አትርሱ።

ሦስተኛ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ሽሮፑ ውስጥ ሌሎች የስኳር ዓይነቶችም በመጠኑ አሉ። እርጉዝ ሴትም ሳትጠይቅ አትውሰድ።

አራተኛ፣ ተቅማጥ ከመጣ መጠኑ በዝቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይጠየቅ።

አምስተኛ፣ ለአንዱ የታዘዘው ለሌላው አይሰጥ። ሁሉም የድርቀት መድኃኒት አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ቢሳኮዲል የሚባለው ኪኒን አንጀትን ቀስቅሶ በማንቀሳቀስ ነው የሚሠራው። አንጀት ከደረሰ በኋላ እንዲሟሟ ተብሎ ስለተሸፈነ ተሰብሮ ወይም ታኝኮ አይዋጥም፤ ከወተትና ከጨጓራ መድኃኒትም ቢያንስ የ1 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋል። ሽፋኑ ጨጓራ ውስጥ ከሟሟ ሆድ ይቆርጣል። ሐኪም ካላዘዘ በቀር ከ1 ሳምንት በላይ አይወሰድም።

«ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ከሆነማ ጉዳት የለውም» የሚል ካለ ይህን ይስማ። በኬሚስትሪ ላብራቶሪ ቤዝ ውስጥ ሲጨመር ሮዝ የሚሆነውን ፊኖልፍታሊን ታውቁታላችሁ አይደል? በ20ኛው ክፍለ ዘመን አብዛኛው ጊዜ ሰዎች እሱን ለድርቀት ይወስዱት ነበር፤ በቸኮሌት መልክ ሳይቀር ይሸጥ ነበር። በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት ካንሰር ማምጣቱ ከታየ በኋላ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1999 እ.ኤ.አ. ያለ ማዘዣ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ውስጥ አስወጣው።

ለእናንተ ለወጣቶች ደግሞ አንድ ቃል፦ ለመቅጠን ብላችሁ እነዚህን መድኃኒቶች እንዳትነኩ። የምግቡ ጉልበት ወደ ደም የሚገባው ትንሹ አንጀት ላይ ነው። ማስቀመጫ መድኃኒት በአብዛኛው የሚሠራው ከዚያ በኋላ፣ ትልቁ አንጀት ላይ ነው። ሚዛኑ የቀነሰው ውኃ ስለወጣ እንጂ ስብ ስለቀነሰ አይደለም።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ለሚወስዱ

በምሠራበት አካባቢ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩ አንድ አባት አሉ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ሰዓታቸውን አያዛንፉም። በደማቸው ያለው ቫይረስም በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። ነርሷ «ጋሼ፣ ያቋረጡት ቀን አለ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «የለም ልጄ።» «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒትስ?» «እሱም የለም።»

እኔ ጋ ተላኩና ብዙ ተጨዋወትን። ስለ ሥራቸው፣ ስለ ምግባቸው፣ ስለ እንቅልፋቸው ነገሩኝ። «ሆድዎስ ደህና ነው?» ስላቸው አንገታቸውን ደፉ። «እንዲህ ያለ ነገር ለሴት ልጅ ይነገራል? ሆዴ ደርቆ መከራዬን ያሳየኛል። ጎረቤቴ ነጭ ፈሳሽ ሰጠኝና ማታ ማታ ከኪኒኔ ጋር እጠጣለሁ» አሉኝ። በማግሥቱ ጠርሙሱን በፌስታል ጠቅልለው አመጡት። ማግኒዢየም ሃይድሮክሳይድ ነበር።

ምን መሰላችሁ? ዛሬ በአገራችን ብዙ ሰው የሚወስደው የፀረ ኤች አይ ቪ ኪኒን ዶሉቴግራቪር የሚባል መድኃኒት አለበት። ማግኒዢየም ወይም አሉሚኒየም ያለባቸው የድርቀትና የጨጓራ መድኃኒቶች ሆድ ውስጥ ከሱ ጋር ይጣበቃሉ። የተጣበቀው ወደ ደም ሳይገባ ይወጣል። ሰውዬው ኪኒናቸውን በየቀኑ ውጠዋል፤ ደማቸው ግን የሚገባውን ያህል አላገኘም። ደንቡ እንዲህ ነው፦ ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን ከእነዚህ መድኃኒቶች 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰዳል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ማቋረጥ ግን በፍጹም አይገባም!

ሐኪማቸው ነገሩን ሲሰማ ማግኒዢየም የሌለበትን ላክቱሎስ አዘዘላቸው። ከወራት በኋላ በተደረገው ምርመራ ቫይረሱ ተመልሶ የማይታይ ሆነ። እኚህ አባት ውሸታም አይደሉም። አንድም አፍረዋል፤ አንድም «ጎረቤት የሰጠኝ ፈሳሽ» መድኃኒት ነው ብለው አልቆጠሩትም። ከዚያ ወዲህ እኔም ሰዎችን ሳነጋግር «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብቻ ብዬ አላበቃም። «የሚጠጡት፣ የሚውጡት፣ ከሰው ያገኙት ነገር አለ? ከሱቅስ? ተልባም፣ የጉሎ ዘይትም ቢሆን?» እላለሁ።

ሳይዘገይ ሐኪም ቤት የሚያስሄዱ ምልክቶች

ዓይነ ምድር ውስጥ ደም ከታየ፣ ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ በፊት ደህና የነበረ ሰው ከ50 ዓመቱ ወዲህ ድርቀት በድንገት ከጀመረው መመርመር አለበት፤ የአንጀት ካንሰርም እንዲህ ሊጀምር ይችላል። ሆድ ተነፍቶ በኃይል ካመመ፣ ትውከት ካለና አየር እንኳ አልወጣ ካለ ደግሞ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ምንም የድርቀት መድኃኒት ሳይሰጥ በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት!

ታዲያ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?

ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ የመድኃኒቶቹን ስምና የማብቂያ ጊዜያቸውን አንብቡ። አባት ወይም አያት የሚወስዱትን ሁሉ በወረቀት ጽፋችሁ ሐኪም ቤት ሲሄዱ በእጃቸው ስጧቸው። አፍ የሚያሳፍረውን ወረቀት ይናገርላቸዋልና። መድኃኒት ልትገዙ ስትላኩ «ይህን ከሌላ መድኃኒት ጋር መውሰድ ይቻላል?» ብላችሁ ባለሙያውን ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትልቅ ሰው ስለ ሆዱ ሲናገር አትሳቁ። ዛሬ የሳቃችሁበት ሰው ነገ ሌላውንም ሕመሙን ይደብቃችኋል።

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስለ ኤች አይ ቪ ይህን ተረት ስንቴ ሰማን! ለሆድ ድርቀትም ይሠራል እኮ። ቸር እንሰንብት!