አንድ ጊዜ ተጫውተው ብዙዎችን ለጨዋታ ያበቁ መምህር

«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» የሚለው የአባቶች አነጋገር በጨዋታ ሜዳ ላይ ጎልቶ ይታያል። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለመታው፣ ላገባውና ለቀደመው ነው። ያንኑ ልጅ በለጋነቱ ተቀብሎ ያሠለጠነውን ሰው ግን ስሙን እንኳ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ከእንደነዚህ ያሉት ሰዎች አንዱን፣ የህንዱን የክሪኬት መምህር ራማካንት አችሬካርን ለማስታወስ እንወዳለን።

ክሪኬት በአገራችን ብዙ የሚታወቅ ጨዋታ ስላልሆነ ስለ አጨዋወቱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ወርዋሪው ኳሱን ወደ ሦስት የቆሙ ዘንጎች ይወረውራል፤ መቺውም በጠፍጣፋ እንጨት እየመታ ዘንጎቹን ይከላከላል። ኳሱን አርቆ በመታ ጊዜ ሮጦ ነጥብ ያገኛል። ኳሱ ዘንጎቹን ከመታ፣ ወይም መሬት ሳይነካ ከተቀለበ ግን መቺው ይወጣል። ስለዚህ መቺ ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

አችሬካር የተወለዱት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1932 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በከፍተኛ ደረጃ የተጫወቱት ግጥሚያ አንድ ብቻ ሲሆን፣ ይኸውም በ1963/64 የውድድር ዘመን ለህንድ ስቴት ባንክ ቡድን ተሰልፈው ከሃይደራባድ ጋር ያደረጉት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ዕድሌ ጠመመ ብሎ ከሜዳ በራቀ ነበር። እርሳቸው ግን ዛሬ ሙምባይ በምትባለው በቦምቤ ከተማ፣ ሺቫጂ ፓርክ በተባለው የሕዝብ ሜዳ ላይ ልጆችን በማስተማር ዕድሜያቸውን አሳለፉ።

በ1984 አንድ ወጣት የ11 ዓመት ታናሽ ወንድሙን ወደዚሁ ሜዳ ይዞ መጣ። ልጁ መምህሩ ቆመው ሲያዩት ፈራና ሳይሆንለት ቀረ። ታላቅ ወንድሙም መምህሩ የሄዱ መስለው ከዛፍ ኋላ ሆነው እንዲመለከቱት ለመናቸው። እርሳቸውም እሺ ብለው ተሸሸጉ። ልጁ ብቻውን የቀረ ሲመስለው በነፃነት ተጫወተ፤ በዚያው ቀን ተቀበሉት። ይህ ልጅ ኋላ በዓለም ስሙ የተጠራው ሳቺን ቴንዱልካር ነው። መምህሩ ያን ቀን በችኮላ ፈርደው ቢሆን ኖሮ ልጁ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር።

ወጣትን መርዳት ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ገንዘብን ነው። አችሬካር ግን የሚያወጡት አንድ ሩፒ ብቻ ነበር። ልምምዱ ወደ ማለቂያው ሲደርስ፣ ልጁም ሲደክመው፣ አንዲት የሩፒ ሳንቲም በዘንጎቹ ጫፍ ላይ ያስቀምጣሉ። ያስወጣው ወርዋሪ ይወስዳታል፤ ማንም ካላስወጣው ግን ሳንቲሟ የልጁ ትሆናለች። ቴንዱልካር በዚህ መንገድ 13 ሳንቲሞች አግኝቷል፤ ከሽልማቶቹም ሁሉ አብልጦ እንደሚወዳቸው ተናግሯል። ደግሞም መምህሩ ልጁን በትንሽ ሞተር ብስክሌታቸው አፈናጠው ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው ይወስዱት ነበር።

አንድ ቀን ልጁ ግጥሚያውን ትቶ የትምህርት ቤቱን ታላላቆች ጨዋታ ለማየት ሄደ። መምህሩ አግኝተው በጥፊ መቱት፤ ለሌሎች ከማጨብጨብ ይልቅ ሌሎች ለእርሱ እንዲያጨበጭቡ አድርጎ መጫወት እንደሚገባውም ነገሩት። ጥፊውን እኛ ለምሳሌነት አናቀርበውም፤ ምክሩ ግን የሚያዝ ነው።

ፍሬው አልዘገየም። በየካቲት ወር 1988 ቴንዱልካርና ቪኖድ ካምብሊ የተባለው ጓደኛው ለትምህርት ቤታቸው ተሰልፈው ሁለቱም ሳይወጡ 664 ነጥብ አብረው አስቆጠሩ። በ1989 ቴንዱልካር በ16 ዓመቱ ለአገሩ ቡድን በካራቺ ተሰለፈ። ካምብሊ፣ ፕራቪን አምሬና አጂት አጋርካርም ከእኚሁ መምህር እጅ ወጥተው ለህንድ ተጫውተዋል። ቴንዱልካር በ2013 ጨዋታ ሲያቆም ለሕዝቡ እንደተናገረው፣ መምህሩ በ29 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «ጥሩ ተጫወትህ» ብለውት አያውቁም፤ እንዳይኩራራ ብለው ነው።

አችሬካር ጥር 2 ቀን 2019 ባረፉ ጊዜ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ ይኸው ተማሪያቸው ነበር። በታኅሣሥ ወር 2024 ደግሞ በዚያው ሜዳ መታሰቢያ ቆመላቸው።

መታሰቢያ ማቆም መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው በድንጋይ ብቻ አይታወስም። እኚህ መምህር ለልጆች የሰጡት ሰዓታቸውን ነው፤ ይህንም ለመስጠት ሀብታም መሆን አያስፈልግም። ተማሪው ከእርሱ ለሚያንሱት ልጆች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መስጠት ይችላል። በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣት ሹም ደግሞ ሌላ አደራ አለበት፤ የሰፈር ሜዳ ለሌላ ጉዳይ ይዋል የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ በደረሰ ጊዜ፣ ከመፈረሙ በፊት ያችን ዛፍና ከኋላዋ የተሸሸጉትን መምህር ያስብ። ሜዳው ባይኖር ኖሮ መምህሩና ልጁ የት ይገናኙ ነበር?