ኮንካኒ፦ የማራቲ ዘዬ ወይስ ራሱን የቻለ ቋንቋ?

በምዕራብ ህንድ የባሕር ዳርቻ፣ ከደቡብ ማሃራሽትራ ጀምሮ በጎዋና በካርናታካ በኩል እስከ ኬረላ ድረስ ኮንካኒ ይነገራል። በ2011 ቆጠራ አፍ መፍቻችን ነው ያሉት ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ነበሩ (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ቋንቋው ከኢንዶ-አርያን ቤተሰብ ደቡባዊ ቅርንጫፍ ይመደባል። ሥሩ ፕራክሪት የሚባሉት የጥንት የሕዝብ ቋንቋዎች ናቸው። ጎረቤቶቹ ካንናዳና ማላያላም ድራቪዲያን ስለሆኑ ቃላት ቢያውሱትም የዘር ዝምድና የላቸውም። ክርክሩ ያለው የማሃራሽትራ ቋንቋ ከሆነው ከማራቲ ጋር ነው፤ ኮንካኒን የማራቲ ዘዬ አድርገው የቆጠሩት ጥቂት አይደሉም።

የሰዋስው ማስረጃው ግን ይህን አይደግፍም። «እኔ» ለማለት ማራቲ «ሚ» ሲል ኮንካኒ «ሃንው» ይላል። ፈረስ በማራቲ «ጎዳ»፣ በኮንካኒ «ጎዶ» ነው። በሁለቱም ኮንካኒ የሚመስለው ሩቅ ያለውን ጉጃራቲን ነው። ከማራቲ ተበላሽቶ የወጣ ቢሆን ኖሮ ይህን ከየት ያመጣው ነበር? ስለዚህ እኔ እንደ እህትማማች የሚያያቸውን ወገን እቀበላለሁ።

ታዲያ ለምን እንደ ዘዬ ተቆጠረ? ዋናው ምክንያት የጽሑፍ ታሪኩ መሰባበሩ ይመስለኛል። ፖርቱጋሎች ጎዋን በ1510 ያዙ። በ1556 ወደ ኢትዮጵያ ሊሻገሩ ከተነሡ ኢየሱሳውያን ጋር የመጣ ማተሚያ እዚያው ቀርቶ የጎዋ ኅትመት ጀማሪ ሆነ፤ ለእኛ የታሰበው መሣሪያ መሆኑ ይገርማል። እንግሊዛዊው ኢየሱሳዊ ቶማስ ስቲፈንስ ያዘጋጀው የኮንካኒ ሰዋስው በ1640 እዚያው ጎዋ፣ ራሾል ታተመ። በ1684 ግን የፖርቱጋል አገረ ገዢ ሕዝቡ ኮንካኒን ትቶ በፖርቱጋልኛ እንዲናገር አዘዘ። ብዙ ቤተሰቦችም ወደ ደቡብ ተሰደው በየደረሱበት ፊደል መጻፍ ጀመሩ። ዛሬ ቋንቋው በዴቫናጋሪ፣ በላቲን፣ በካንናዳ፣ በማላያላምና በዓረብ ፊደል ይጻፋል።

የፖርቱጋል አገዛዝ በ1961 ካበቃ በኋላ፣ በ1967 የጎዋ ሕዝብ ከማሃራሽትራ ጋር መዋሃድን በድምፁ ውድቅ አደረገ። የህንድ የሥነ ጽሑፍ አካዳሚ ኮንካኒን በ1975 ራሱን የቻለ ቋንቋ አድርጎ ተቀበለው። በ1987 የጎዋ የሥራ ቋንቋ ሆነ፤ በ1992 ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ከሚጠራቸው ቋንቋዎች ተርታ ገባ። የጎዋ ሕግ ግን የሚያውቀው በዴቫናጋሪ የሚጻፈውን ብቻ ነው፤ በላቲን ፊደል የሚጽፉት፣ በተለይ ካቶሊኮቹ፣ እኩል እውቅና መጠየቃቸውን አላቆሙም።