የተነቀለ ማውስና ዝም ያለ ማውስ፦ ሊኑክስ ልዩነቱን እንዴት ያውቃል?

የማውስ ገመድ ከኮምፒዩተር ሲነቀል ኮምፒዩተሩ የመሣሪያውን መሄድ በምን ያውቃል? «ምልክት መላክ በማቆሙ» የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ይሁን እንጂ ማንም ያልነካው ማውስም ምልክት አይልክም። ስለዚህ ዝም ያለውን ከሄደው መለየት ራሱን የቻለ ችግር ነው።

ችግሩ የተግባር ፋይዳ አለው። በጎንደር አራዳም ሆነ በሌላ ከተማ በኮምፒዩተር ጽሕፈት የሚተዳደር ሰው፣ ገመዱ ላልቶ ቁልፍ ሰሌዳው ቢነቀልበት፣ ሴቭ ያላደረገውን ጽሑፍ ትቶ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ለማስነሣት መገደድ የለበትም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በአንዳንድ የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የታደለው ኤክስ.ኦ. የተባለው የተማሪዎች ላፕቶፕ በሊኑክስ የሚሠራና ሦስት የዩ.ኤስ.ቢ. መሰኪያዎች ያሉት ነበር። በልጆች እጅ ያለ መሰኪያ ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰካና እንደሚነቀል መገመት አያዳግትም። በዚህ ጽሑፍ መሣሪያው በሚነቀልበት ቅጽበት በሽቦውና በሊኑክስ ውስጥ የሚሆነውን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን።

ስለ መኖሩ የማይናገር ሽቦ

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1987 ያስተዋወቀው ክቡ የፒ.ኤስ./2 መሰኪያ ሥራ ላይ የሚያውላቸው መስመሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም የመረጃ መስመር፣ የጊዜ ምት መስመር፣ የ5 ቮልት መስመርና የመሬት መስመር ናቸው። ከአራቱ አንዱም «መሣሪያው አለ» ወይም «የለም» ብሎ እንዲናገር አልተመደበም። ስለሆነም ማውሱ ቢነቀል ኮምፒዩተሩ የሚያገኘው ዝምታ ብቻ ነው።

ማውሱ ተመልሶ ሲሰካ ግን ኃይል እንዳገኘ ራሱን ይፈትሽና 170 እና 0 የሚሉ ሁለት ቁጥሮችን ይልካል። ችግሩ አዲስ የተነሣ ማውስ ትእዛዝ እስኪሰጠው ድረስ እንቅስቃሴን አለመዘገቡ ነው። ድራይቨር የተባለው መሣሪያውን የሚያስተናግደው ፕሮግራም ሁለቱን ቁጥሮች ተራ የእንቅስቃሴ መረጃ አድርጎ ካለፋቸው፣ ማውሱ ተሰክቶና ኃይል አግኝቶ ሳለ ጠቋሚው አይንቀሳቀስም። የሊኑክስ የፒ.ኤስ./2 ማውስ ድራይቨር ቁጥሮቹን ለይቶ በማወቅ ትውውቁን እንደገና ከመጀመሪያው ያካሂዳል። ሆኖም መሰኪያው ኃይል እያለ እንዲነቀል ታስቦ ስላልተሠራ አንባብያን ይህን በሙከራ እንዲያረጋግጡ አንመክርም።

ሁለት ሬዚስተሮች የሚሰጡት ምስክርነት

እ.ኤ.አ. በ1996 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው ዩ.ኤስ.ቢ. መፍትሔውን ያገኘው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በምናውቀው የኦም ሕግ ነው። በኮምፒዩተሩ በኩል እያንዳንዱ የመረጃ መስመር በ15 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከመሬት ጋር ይያያዛል። በማውሱ በኩል ደግሞ ከሁለቱ መስመሮች አንዱ በ1.5 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከ3.3 ቮልት ጋር ይገናኛል። ማውሱ ሲሰካ ሁለቱ ሬዚስተሮች ቮልቴጁን ይካፈሉታል፤ በመስመሩ ላይ የሚገኘውም 3.3 × 15 ÷ 16.5 = 3.0 ቮልት ይሆናል። ማውሱ ሲነቀል የ3.3 ቮልቱ ምንጭ አብሮ ይሄዳልና መስመሩ ወደ 0 ይወርዳል።

እንግዲህ ማውሱ ዝም ቢልም ሬዚስተሩ ስለ መኖሩ ይመሰክራል ማለት ነው። ሁለቱም መስመሮች ከ2.5 ማይክሮ ሰከንድ በላይ በ0 ላይ ከቆዩ መሣሪያው እንደ ተነቀለ ይቆጠራል። በሚሰካበት ጊዜ ግን ብረት ከብረት ሲነካካ ግንኙነቱ ስለሚንቀጠቀጥ፣ ሊኑክስ መስመሩ ለ100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ሳይለዋወጥ መርጋቱን ሳያረጋግጥ ሥራ አይጀምርም።

የድራይቨሩ ሦስት ግዴታዎች

መለየቱ ከታወቀ በኋላ ሥራው የሶፍትዌር ይሆናል። የመጀመሪያው ግዴታ መሣሪያው ሳይፈጽም የተወውን መፈጸም ነው። ቁልፍ ሰሌዳው የተነቀለው የ«ለ» ቁልፍ ተጭኖ ሳለ ከሆነ «ቁልፉ ተለቀቀ» የሚለው ምልክት ከቶ አይደርስም፤ ኮምፒዩተሩም «ለለለለ» እያለ ያለማቋረጥ ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ተጭነው የቀሩትን ቁልፎች ሁሉ በሄደው ቁልፍ ሰሌዳ ስም ይለቃቸዋል።

ሁለተኛው ግዴታ ማሳወቅ ነው። ከመሣሪያው መረጃ ሲጠባበቁ የነበሩ ፕሮግራሞች እንዲነቁ ይደረግና 19 ቁጥር ስሕተት ይደርሳቸዋል፤ ትርጉሙም «እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም» ነው። ይህን ሰምቶ ፋይሉን የሚዘጋ ፕሮግራም በሰላም ሥራውን ይቀጥላል። ስሕተቱን ችላ ብሎ ደጋግሞ ለማንበብ የሚሞክር ፕሮግራም ግን ፕሮሰሰሩን በከንቱ ያደክማል።

ሦስተኛውና አደገኛው ጉዳይ የማስታወሻ ቦታን ማስረከብ ነው። ተከራይ ቤቱን ቢለቅም ቁልፉ በእጁ እስካለ ድረስ አከራዩ ክፍሉን ለሌላ ሰው ቢሰጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። በኮምፒዩተርም መሣሪያው ሄዶ ሳለ ፋይሉን ገና ያልዘጋ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። የማስታወሻ ቦታው ወዲያውኑ ለሌላ ሥራ ቢሰጥ፣ ያ ፕሮግራም የሚነካው የሌላውን መረጃ ይሆናል፤ መዘዙም የጠቅላላው ኮምፒዩተር መቆም እስከ መሆን ይደርሳል። ስለዚህ ከርነሉ ስንት ተጠቃሚዎች እንደ ቀሩ ይቆጥራል፤ ቆጠራው 0 ሲደርስ ብቻ ቦታውን ያስለቅቃል።

የተመለሰው ያው መሣሪያ ነውን?

የሊኑክስን መስኮቶች ያስተናግድ የነበረው ኤክስ የተባለ ሥርዓት ለረጅም ዘመን መሣሪያዎቹን ያውቅ የነበረው ሲነሣ ከሚያነበው ዝርዝር ነበር። መሣሪያ ሲጠፋበት ፋይሉን በ100 ሚሊ ሰከንድ ልዩነት 10 ጊዜ ለመክፈት የሚሞክር ድራይቨርም ነበረው። ይሁን እንጂ ተነቅሎ የተመለሰ መሣሪያ 5 ቁጥር የነበረው 7 ቁጥር ሆኖ ሊመጣ ስለሚችል በቀድሞው ስም መጠበቅ ሁልጊዜ አይበጅም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 የወጣው የኤክስ አገልጋይ እትም 1.4 በሥራ ላይ ሳለ የሚመጡትንና የሚሄዱትን መሣሪያዎች የሚቀበልበትን መንገድ ከፈተ።

አማርኛ ጸሐፊን የሚመለከተው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። በኤክስ ሥርዓት የአማርኛ የቁልፎች አደረጃጀት በአንድ ጊዜ ትእዛዝ ብቻ ከተመረጠ የሚሠራው በዚያን ጊዜ ለተሰኩት ቁልፍ ሰሌዳዎች ነው። ተነቅሎ የተመለሰው ለሥርዓቱ አዲስ እንግዳ ስለሆነ ፊደሉ ወደ ላቲን ሊመለስ ይችላል። ጸሐፊው ቁልፍ ሰሌዳው እንደ ተበላሸ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ የጠፋው ግን ምርጫው ብቻ ነው። መፍትሔው ምርጫውን ለእያንዳንዱ አዲስ መጪ ቁልፍ ሰሌዳ እንዲሠራ በሥርዓቱ የቅንብር ፋይል ውስጥ ማስፈር ነው።

ሊኑክስ ያለበት ኮምፒዩተርና የዩ.ኤስ.ቢ. ማውስ ያላችሁ ተማሪዎች፣ ዲሜስግ የተባለውን የከርነሉን መዝገብ የሚያሳይ ትእዛዝ ከፍታችሁ ማውሱን ንቀሉና መልሳችሁ ስኩት። የመለየቱና የመመለሱ ሰዓት እስከ ማይክሮ ሰከንድ ድረስ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለማውሱ የተሰጠው ቁጥር ያው መሆኑንና አለመሆኑንም አመሳክሩ።