ስታርጋርት የተባለው በዘር የሚተላለፍ የዓይን ሕመም እና የሬቲና ምስል ምርመራ

በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታይ፣ በመነጽር የማይስተካከልና ቀስ በቀስ የሚጨምር የዕይታ መቀነስ ከሚያስከትሉ ሕመሞች አንዱ ስታርጋርት ነው። ስያሜው በ1909 እ.ኤ.አ. ስለ ሕመሙ ከጻፉት ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ካርል ስታርጋርት የተወሰደ ነው።

የሕመሙ ምንነት

ማኩላ በሬቲና መሃል የሚገኝ፣ ለማንበብና የሰው ፊት ለመለየት የሚያገለግል ክፍል ነው። በአብዛኞቹ ታካሚዎች ሕመሙ የሚከሰተው ኤቢሲኤ4 የተባለው ዘረ-መል ከእናትም ከአባትም ጉድለት ኖሮበት ሲወረስ ነው። በዚህ ጊዜ ሊፖፈሲን የተባለ ዝቃጭ በሬቲና ሕዋሳት ውስጥ ተከማችቶ ይጎዳቸዋል። ወላጆች ጤናማ ሆነው ጉድለቱን ሊያስተላልፉ ይችላሉ፤ ሁለቱም ተሸካሚ ከሆኑ በእያንዳንዱ እርግዝና ሕመሙ የመከሰት ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

የምስል ምርመራ ለምን ያስፈልጋል?

በሕመሙ መነሻ ሬቲና በተለመደው ምርመራ ጤናማ ሊመስል ስለሚችል፣ ልጁ «ሰነፍ ነው» ወይም «ያስመስላል» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። የሚከተሉት ምርመራዎች ጉዳቱን ቀድመው ለማሳየት ይረዳሉ።

• የሬቲና ፎቶግራፍ፦ ቢጫማ ነጠብጣቦችን ያሳያል።
• የሬቲና የራስ ብርሃን ምስል፦ ቀለም ሳይወጋ የሚነሳ ሲሆን፣ ሊፖፈሲን የተከማቸበት ቦታ ደምቆ፣ ሕዋሳት የሞቱበት ቦታ ጠቁሮ ይታያል።
• ኦሲቲ፦ ዓይንን ሳይነካ በብርሃን አማካይነት የሬቲናን ንብርብሮች ያሳያል፤ የኤክስሬይ ጨረር አይጠቀምም።

ለምርመራ ሲመጡ

• የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ለጥቂት ሰዓታት ዕይታን ስለሚያደበዝዝ አያሽከርክሩ፤ አጋዥ ሰው ይዘው ይምጡ።
• ቀደም ሲል የተነሱ ምስሎች ካሉ ያቅርቡ፤ የሕመሙ ለውጥ የሚታወቀው በንጽጽር ነው።
• በቤተሰብ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ካለ ለሐኪሙ ይግለጹ።

ከምርመራ በኋላ

ሕመሙን ፈጽሞ የሚያድን ሕክምና እስካሁን የለም። ሆኖም የጎን ዕይታ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጠፋ፣ በማጉያ መነጽር፣ በትልልቅ ፊደላትና በክፍል የፊት ወንበር ትምህርትን መቀጠል ይቻላል። ከኃይለኛ ፀሐይ መከላከልና ሲጋራ አለማጨስም ይመከራል።

ሕመሙ የተረጋገጠበት ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቫይታሚን ኤ እንክብል መውሰድ የለበትም፤ ዝቃጩ የሚመነጨው ከዚሁ ቫይታሚን ነው። የተለመደ ምግብን ግን ማቋረጥ አያስፈልግም። ይህ ጥንቃቄ የሚመለከተው የስታርጋርት ታካሚዎችን ብቻ ሲሆን፣ ሌሎች ሕፃናት በጤና ባለሙያ የሚሰጣቸውን ቫይታሚን ኤ ሊያቋርጡ አይገባም።

ልጅዎ ሰሌዳ ማንበብ ካቃተው ወይም የሚያነበውን ገጽ ወደ ጎን እያዞረ የሚያይ ከሆነ፣ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ በመሄድ የዓይን ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል የሪፈር ወረቀት እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ።